የጥቁር ስፕሩስ ጫካ ሲቃጠል እሳቱ ወደ ታች ምን ያህል ወረደ? አለካኩና የሚያሳስተው

ብስባሽ ለኪ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሰሜን ጫካ ሰደድ እሳት ሲነሳ እዚህ ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው የተቃጠለው ሄክታር ብዛት ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ በ2023 ካናዳ ውስጥ ብቻ ወደ 15 ሚሊዮን ሄክታር ነዷል። ሄክታር የሚነግረን ግን የእሳቱን ስፋት ብቻ ነው። ጥቁር ስፕሩስ (መርፌ ቅጠል ያለው የሰሜን ዛፍ) በሚበዛበት በሰሜን ካናዳና በአላስካ ነገሩን የሚወስነው ጥልቀቱ ነው። እዚያ ዛፉ የቆመው በማዕድን አፈር (ከብስባሹ በታች ባለው አሸዋና ጭቃ) ላይ ሳይሆን በወፍራም የብስባሽና የሞስ (መሬት የሚሸፍን አጭር ለስላሳ ተክል) ንብርብር ላይ ነው። በ2014 በኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ የተቃጠለው ደን በአማካይ በካሬ ሜትር ከ3 ኪሎ ግራም በላይ ካርቦን አጥቷል። ከዚህ ውስጥ እጅግ የሚበዛው የወጣው ከዚሁ ንብርብር እንጂ ከግንድና ከቅርንጫፍ አይደለም። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ክረምት ስል የበረዶውን ወቅት፣ በጋ ስል ሞቃቱን ወቅት ማለቴ ነው።)

ነድዶ የጠፋ ነገር ውፍረት እንዴት ይለካል? ምልክቱን የሚሰጠን ራሱ ዛፉ ነው። ሞሱ በየዓመቱ ግንዱን እየከበበ ወደ ላይ ያድጋል፤ ጥቁር ስፕሩሱም ከተሸፈነው ግንዱ አዳዲስ ሥር እያወጣ ወደ ሞሱ ይሰድዳል። እሳት ሞሱን ሲበላው እነዚያ ሥሮች ከግንዱ ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ከሁሉ በላይ ያለው ሥር የቀድሞው የመሬት ገጽ የት አካባቢ እንደነበረ ያሳያል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 30 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ስፋት ያለው መስመር ትዘረጋላችሁ። በየ3 ሜትሩ ቅርብ ያለውን ጥቁር ስፕሩስ መርጣችሁ ከላይኛው ሥር እስከ አሁኑ የመሬት ገጽ ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ትለካላችሁ። እዚያው አጠገብ በቢላዋ ቆርጣችሁ የተረፈውን ብስባሽ ውፍረት እስከ ማዕድን አፈሩ ድረስ ትመዘግባላችሁ። በአንድ ዛፍ ላይ ከአንድ በላይ ሥር ካለ ሦስቱን ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ።

አንድ እርማት አለ። የላይኛው ሥር የሚወጣው በትክክል ከሞሱ ገጽ ሳይሆን ከሱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። ስለዚህ ያልተቃጠለ ተመሳሳይ ጫካ ሄዳችሁ ከሥሩ እስከ አረንጓዴው ሞስ ያለውን ርቀት ለክታችሁ ልዩነቱን መደመር አለባችሁ። ይህን ያልደመረ ሰው የእሳቱን ጥልቀት ሁልጊዜ አሳንሶ ነው የሚዘግበው።

ወደ ካርቦን ሲለወጥ፦ ከሥር እስከ መሬት 9 ሳ.ሜ፣ እርማቱ 3 ሳ.ሜ ቢሆን የተቃጠለው 12 ሳ.ሜ ነው። የላይኛው 6 ሳ.ሜ ክብደት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 0.03 ግራም፣ የታችኛው 6 ሳ.ሜ ደግሞ 0.07 ግራም ይሁን። 0.18 እና 0.42 ሲደመር 0.60 ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 6 ኪሎ ግራም በካሬ ሜትር ይመጣል። የካርቦን ድርሻውን 45 በመቶ ብናደርገው 2.7 ኪሎ ግራም ካርቦን ነው። አሁን እሳቱ ሌላ 3 ሳ.ሜ ብቻ ወርዶ 0.12 ግራም የሚመዝነውን ጥቁር ብስባሽ ነካ እንበል። ያ 3 ሳ.ሜ ብቻውን 3.6 ኪሎ ግራም ደረቅ ክብደት ይጨምራል፤ ከላይኛው 6 ሳ.ሜ ሁለት እጥፍ ማለት ነው። የታችኛዎቹን ሴንቲ ሜትሮች አጥብቀን የምንይዘው ለዚህ ነው።

ታይጋ

ጥሩ ጅማሬ ነው ወንድሜ። ለጀማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ከግንድ የወጣን ሥር ከዋናው ሥር ጋር የሚያምታቱ አሉ። ዋናዎቹ ሥሮች የሚነሱት ግንዱ ወፍሮ ከሚዘረጋበት ከእግሩ ላይ ነው፤ ወፍራምና ወደ ጎን የሚሄዱ ናቸው። የምንፈልጋቸው ግን ከዚያ በላይ በቀጥተኛው ግንድ ላይ ለየብቻ የሚወጡ ቀጫጭኖች ናቸው። ብዙዎቹ ከሰል ሆነው ጫፋቸው ተቆርጦ የ1 ወይም 2 ሳ.ሜ ጉቶ ብቻ ይቀራል። ጣታችሁን ከግንዱ ላይ ከታች ወደ ላይ ብታሸሹት ከዓይን ቀድሞ ይገኛል።

ከባድ እሳት ግንዱን ራሱን ከበላው የላይኛው ሥር አብሮ ሊጠፋ ይችላል። እንዲህ ያለ ዛፍ ላይ የቀረውን ዝቅተኛ ሥር «ላይኛው» ብሎ መለካት ያሳስታል። ሥሩ ተቃጥሎ የገባበትን ቀዳዳ ወይም ጠባሳ ፈልጉ፤ ከሌለ ዛፉን ተውት።

ኡሜዮ

ጃክ ጥድ ብቻ ያለበት ደረቅ አሸዋማ ቦታስ? ጃክ ጥድ እንዲህ ያለ ሥር አያወጣም።

ብስባሽ ለኪ

ልክ ነህ። እዚያ ያለው ንብርብር ራሱ ስስ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሴንቲ ሜትር። የሚሠራው ያልተቃጠለ ጎረቤት ጫካ ላይ በተመሳሳይ ዕድሜ፣ ቁልቁለትና የአፈር እርጥበት ለክቶ ማነጻጸር ነው። ስህተቱ ይሰፋል፣ ምክንያቱም የምታነጻጽረው ሁለት የተለያዩ ቦታዎችን ነው። ስለዚህ የማነጻጸሪያ ቦታው አንድ ብቻ አይሁን።

ከጫካው መስመር በላይ ባለው ቱንድራ (ዛፍ አልባ ቀዝቃዛ ሜዳ) ደግሞ ጉብታ የሚሠራው የጥጥ ሣር ምልክት ይሆናል። ጉብታው ከእሳት ይተርፋል፤ በጉብታዎቹ መካከል ያለው መሬት ግን ይወርዳል። በ2007 በአላስካ አናክቱቩክ ወንዝ አካባቢ 1,039 ካሬ ኪሎ ሜትር ቱንድራ ሲቃጠል የጠፋው አፈር የተሰላው በዚሁ ዘዴ ነበር፤ 2.1 ሚሊዮን ቶን ያህል ካርቦን።

እሳቱን ራሳችሁ የምትለኩሱት የሙከራ ቃጠሎ ከሆነ ከሁሉ የተሻለው ብረት ነው። ቀጭን የብረት ዘንግ እስከ ማዕድን አፈሩ ድረስ ትተክሉና ከሞሱ ገጽ ጋር እኩል ምልክት ታደርጋላችሁ፤ ከእሳቱ በኋላ የተገለጠውን ርዝመት መለካት ነው። ፐርማፍሮስት (ከዓመት ዓመት በረዶ ሆኖ የሚቆይ አፈር) ባለበት ቦታ ግን ዘንጉ በረዶው ላይ ብቻ ተደግፎ ከቆመ በረዶው ሲቀልጥ ይሰምጣል፣ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ተገፍቶ ይወጣል። ስለዚህ በዚያው ሳምንት ልካችሁ ጨርሱ።

ሳተላይት ተመልካች

ይህ ሁሉ ቁፋሮ ለምን አስፈለገ? ዲኤንቢአር (የቃጠሎን ክብደት ከምስል የሚያሰላ መለኪያ) ከሳተላይት በነጻ ይገኛል። የላንድሳት 8 ባንድ 5 እና 7፣ ወይም የሴንቲነል-2 ባንድ 8ኤ እና 12 ወስዶ ከእሳቱ በፊትና በኋላ ማስላት ነው። ለአንድ ሚሊዮን ሄክታር በቢላዋ መድረስ አይቻልም።

ታይጋ

ሁለቱም ያስፈልጋል፤ ግን ሳተላይቱ ምን እንደሚያይ እንግለጽ። ኤንቢአር ማለት ቅርብ ኢንፍራሬድ ሲቀነስ አጭር ሞገድ ኢንፍራሬድ፣ ለሁለቱ ድምር ሲካፈል ነው። ዲኤንቢአር ደግሞ የበፊቱ ኤንቢአር ሲቀነስ የኋላው። የሚለካው የቅጠል መጥፋትን፣ የከሰልና የአመድ መገለጥን ነው። የስፕሩሱ አናት ካለቀና መሬቱ ከጠቆረ በኋላ እሳቱ 5 ሳ.ሜ ይውረድ 20 ሳ.ሜ ለሳተላይቱ ያው ጥቁር ነው። ቅጠላማ ወይም ደረቅ ጥድ ጫካ ውስጥ ከሜዳ ልኬት ጋር ጥሩ ሊስማማ ይችላል፤ ጥቁር ስፕሩስ ላይ ግን ከብስባሹ ጥልቀት ጋር ያለው ዝምድና ደካማ ነው።

በሰሜን የሚጨመሩ ችግሮችም አሉ። ከ60 ዲግሪ ሰሜን በላይ በመስከረም ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ቁልቁለቱ ሁሉ ጥላ ይሆናል፤ ጥላው እንደ ከባድ ቃጠሎ ይነበባል። አስፐንና በርች ቅጠላቸውን ካራገፉ በኋላ የተነሳ ምስልም ያልተቃጠለውን የተቃጠለ ያስመስላል። ስለዚህ የበፊቱም የኋላውም ምስል ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ቢሆን፣ ሁለቱም በዓመቱ ተቀራራቢ ቀን ቢነሱ ይሻላል። እሳቱ ገና እየጤሰ የተነሳ ምስል አትጠቀሙ፤ የሚቀጥለውን ዓመት በጋ ጠብቁ።

ሳተላይቱን ድንበር ለማስመርና ያልተቃጠሉ ደሴቶችን ለማውጣት ተጠቀሙበት። ጥልቀቱን ከድርቅ ኮዱ (የጥልቁ ብስባሽ ድርቀት ከአየር ጠባይ የሚሰላበት ቁጥር)፣ ከቁልቁለቱ አቅጣጫ፣ ከውኃ አወራረዱና ከዛፉ ዝርያ ጋር አጣምራችሁ ሞዴል አድርጉት። ሞዴሉን የሚያርመው ግን የሜዳው ቢላዋ ነው።

ዘር ቆጣሪዋ

ጥልቀቱ ለካርቦን ብቻ ሳይሆን በኋላ ለሚበቅለው ዛፍም ወሳኝ ነው፤ ይህን ሳንነካ አንለፍ።

ጥቁር ስፕሩስም ጃክ ጥድም ዘራቸውን ኮን (ቅርፊታም የዘር ቋት) ውስጥ ዘግተው ዛፉ ላይ ያቆያሉ። የጃክ ጥድ ኮን በሙጫ የታሸገ ነው፤ ሙጫው በ50 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጥና ይከፈታል። የጥቁር ስፕሩሱ በከፊል ብቻ የተዘጋ ሲሆን ከእሳት በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት ዘሩን ቀስ እያለ ያራግፋል። አስፐንና በርች ደግሞ በነፋስ የሚሄድ እጅግ ጥቃቅን ዘር አላቸው፤ አስፐን ከተረፈ ሥሩም ያቆጠቁጣል።

ጥቃቅኑ ዘር ስንቅ የለውም። ወፍራም ብስባሽ ላይ ካረፈ ሥሩ እርጥበት ሳይደርስ ላዩ ይደርቅበታል። የተረፈው ብስባሽ ከ2 ወይም 3 ሳ.ሜ ሲያንስ ግን ማዕድን አፈሩ ቅርብ ስለሆነ አስፐንና በርች በብዛት ይያዛሉ፣ ፈጥነውም ያድጋሉ፣ ስፕሩሱንም ይቀድሙታል። ብስባሹ 10 ሳ.ሜ ከተረፈ ስፕሩስ ራሱን ይተካል። በ2004 አላስካ ውስጥ ወደ 2.7 ሚሊዮን ሄክታር ሲቃጠል ብዙ ቦታ እሳቱ እስከ ማዕድን አፈሩ ወርዶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በተደረገው ክትትል ስፕሩስ የነበሩ በርካታ ቦታዎች ወደ ቅጠላማ ደን ተሸጋግረዋል።

ለቆጠራ፦ በመስመሩ ግራና ቀኝ 50 በ50 ሳ.ሜ የሆነ ፍሬም በየ3 ሜትሩ አስቀምጡ፤ ችግኙን በዝርያ ለይታችሁ፣ የበቀለበትንም መሬት (ከሰል፣ ብስባሽ፣ ማዕድን አፈር፣ ሞስ) መዝግቡ። በመጀመሪያው ዓመት ስፕሩስና ላርች ችግኝ ገና በሁለት ሦስት መርፌ ቅጠል ስለሆኑ በቀላሉ ይምታታሉ፤ ማጉያ መነጽር ይዛችሁ ሂዱ። መደምደሚያ ላይ የሚደረሰው ግን ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ውስጥ ነው። በመጀመሪያው በጋ «ስፕሩስ አልበቀለም» ብሎ መጻፍ ከኮኑ ገና ያልወጣውን ዘር መርሳት ነው።

ሁለት ነገር ይህን ዑደት ይሰብረዋል። አንዱ እሳት ቶሎ መመላለሱ ነው፤ ጥቁር ስፕሩስ በቂ ዘር ለማጠራቀም አሥርት ዓመታት ስለሚፈልግ ወጣቱ ጫካ ዳግም ከነደደ ዛፉ ላይ የሚዘራ የለም። ሌላው የተቃጠለውን ግንድ ፈጥኖ ቆርጦ ማውጣት ነው፤ ከነኮኑ ይሄዳል።

ኡሜዮ

እህቴ፣ ይህ ሁሉ የሰሜን አሜሪካ ነው። ሳይቤሪያና ስካንዲኔቪያ ሌላ ታሪክ ናቸው። እዚያ የሚበዙት ላርችና ስኮትላንድ ጥድ ወፍራም ቅርፊት አላቸው፤ የታችኛውን ቅርንጫፍ ያራግፋሉ፣ እሳቱ መሬት ለመሬት ሄዶ ዛፉን በሕይወት ይተወዋል። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ስፕሩሱ ቅርንጫፉ እስከ መሬት ስለሚደርስ እሳቱ እንደ መሰላል ይወጣና አናት ለአናት ይነድዳል። በ1993 በሳይቤሪያ ክራስኖያርስክ ግዛት ቦር በተባለ ረግረግ የከበበው የጥድ ደሴት ላይ ሆን ተብሎ ትልቅ የሙከራ ቃጠሎ ሲደረግ አንዱ ዓላማ ይህን ልዩነት በቁጥር መያዝ ነበር። በካናዳ በኩል ፎርት ፕሮቪደንስ አጠገብ ጃክ ጥድ ላይ የተደረገው ዓለም አቀፍ የአናት እሳት ሙከራም ከእሱ ጋር ቢታይ ጥሩ ነው።

ዛፉ ስለሚተርፍ እኛ ጋ ሌላ መረጃ አለ፤ የእሳት ጠባሳ። ግንዱ በአንድ ጎኑ ተቃጥሎ በሌላው ጎን ያድጋል፣ ቀለበቱም ጠባሳውን እየሸፈነ ይመዘግበዋል። ከጠባሳው አካባቢ ቁራጭ ወስዶ ቀለበቱን ከአካባቢው ዋና ተከታታይ ጋር በማመሳሰል እሳቱ የነደደበት ዓመት ይታወቃል። ጠባሳው ከቀለበቱ የትኛው ክፍል ላይ እንዳረፈ ካያችሁ ወቅቱም ይለያል፤ ገና ነጣ ባለው የፀደይ እንጨት ውስጥ ከሆነ በበጋው መጀመሪያ፣ በጠቆረው ውስጥ ከሆነ ወደ መጨረሻው።

ስዊድን ውስጥ ደግሞ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ እሳት በማጥፋት ብዛት ለእሳት የተፈጠሩ ጥንዚዛዎችና ዕፅዋት መኖሪያ አጥተዋል። ለምሳሌ ጥቁሩ የእሳት ጥንዚዛ ትኩስ የተቃጠለ እንጨት ላይ እንቁላሉን ለመጣል የእሳትን ሙቀት የሚያስተውል የኢንፍራሬድ ስሜት ሕዋስ አለው። ስለዚህ ትልልቅ የደን ባለይዞታዎች ደናቸው በአግባቡ መያዙን የሚያረጋግጠው የምስክር ወረቀት ደንብ በሚያዘው መሠረት በየጊዜው ሆን ብለው ያቃጥላሉ። በ2014 ቬስትማንላንድ ላይ ወደ 14,000 ሄክታር የጨረሰው ግን ሆን ተብሎ አልነበረም፤ የተነሳው አፈር ከሚገለብጥ የደን ማሽን ነው።

ረመጥ

ስለ ድርቅ ኮድ ጋሽ ታይጋ በጨረፍታ ጠቅሰው አልፈዋል፤ ብዙ ስህተት የማየው እዚያ ላይ ስለሆነ ልዘርዝረው።

የካናዳው የእሳት አየር ጠባይ ሥርዓት ሦስት የእርጥበት ኮዶች አሉት። የደቃቅ ተቀጣጣይ ኮድ ላይ ላዩን 1.2 ሳ.ሜ ያህል ይወክላል፣ በሰዓታት ውስጥ ይለዋወጣል። የብስባሽ እርጥበት ኮድ ወደ 7 ሳ.ሜ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ይዘገያል። የድርቅ ኮድ ወደ 18 ሳ.ሜ፣ ከ50 ቀን በላይ ይዘገያል። እዚህ ክር ላይ የምናወራው ጥልቅ ቃጠሎ የሚመጣው ከሦስተኛው ነው። መነሻ ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል 85፣ 6 እና 15 ናቸው። ዝናብም የሚቆጠረው ከ0.5፣ ከ1.5 እና ከ2.8 ሚ.ሜ ሲያልፍ ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው በዛፉ አናትና በላይኛው ሞስ ተይዞ ይቀራል።

ስህተት አንድ፦ ሰዓት። ልኬቱ የቀትር መደበኛ ሰዓት ነው። የበጋ ሰዓት በሚያዝባቸው አገሮች ይህ ማለት 7 ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው (በፈረንጁ 13:00)። ከኮምፒውተር የአየር ጠባይ መረጃ የሚወስዱ ብዙ ሰዎች የግሪንዊች ቀትርን ይጠቀማሉ፤ አላስካ ውስጥ ያ ሌሊት ነው፣ አየሩም ቀዝቃዛና እርጥብ። ውጤቱ በወቅቱ ሙሉ ዝቅ ብሎ ይወጣል።

ስህተት ሁለት፦ የጎደለ ቀን። ኮዱ የትናንቱን ይዞ ስለሚሄድ አንድ የጠፋ የዝናብ ቀን ለሳምንታት ያበላሻል። ባዶውን በዜሮ አትሙሉ፤ ከቅርቡ ጣቢያ ውሰዱ።

ስህተት ሦስት፣ ከሁሉም የከፋው፦ በየፀደዩ የድርቅ ኮዱን ከ15 መጀመር። ይህ የሚሠራው ክረምቱ በቂ በረዶ ሲጥል ነው። በቂ ካልሆነ ያለፈው ዓመት ድርቅ ይሻገራል። ሒሳቡ፦ የመጸዉን የመጨረሻ ኮድ ለ400 አካፍሉ፣ በአሉታዊ ምልክት ኤክስፖኔንሻል ውሰዱ፣ በ800 አባዙ። ከዚያ የክረምቱን ዝናብና በረዶ በሚ.ሜ በ3.94 እና በአፈሩ የመስረግ ቁጥር (ለመካከለኛ አፈር 0.75) አባዝታችሁ ጨምሩበት። 800ን ለድምሩ አካፍሉ፣ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝሙን በ400 አባዙ። ኮዱ በመጸው 500 ቢሆንና ክረምቱ 100 ሚ.ሜ ብቻ ቢሰጥ ፀደይ የሚጀምረው ከ169 አካባቢ ነው እንጂ ከ15 አይደለም። ክረምቱ 200 ሚ.ሜ ከሰጠ ግን ይሞላልና ከ15 መጀመር ትክክል ነው። በሰሜን ምዕራብ ካናዳ ደረቅ ክረምት ብርቅ ስላልሆነ ይህን ሒሳብ መዝለል አይቻልም።

ሳተላይት ተመልካች

ድርቁ ክረምቱን ከተሻገረ እሳቱስ ይሻገራል ማለት ነው?

ረመጥ

አዎ፣ የተዳፈነ እሳት ነው። ብስባሹ ውስጥ ገብቶ በትንሽ ኦክስጅን ቀስ እያለ ይጤሳል፣ በረዶ ይሸፍነዋል፣ ፀደይ ላይ ላዩ ሲደርቅ ብቅ ይላል። በአላስካና በኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ ከ2002 እስከ 2018 ከተቃጠለው ጠቅላላ ስፋት የነዚህ ድርሻ 0.8 በመቶ ብቻ ነበር፤ በአንድ ዓመት ግን 38 በመቶ ደርሷል። በብዛት የሚከተሉት ሞቃት በጋንና ጥልቅ ቃጠሎን ነው። በካርታ ላይ ለመለየት ሦስት ነገር እዩ፦ ካለፈው ዓመት ጠባሳ ውስጥ ወይም ጠርዝ ላይ መሆኑ፣ መብረቅ ከመጀመሩ በፊት መነሳቱ፣ ከመንገድና ከሰፈር መራቁ።

ማጥፋቱ ከባድ የሚሆነው ደረቅ ብስባሽ ውኃ ስለሚገፋ ነው። ከላይ ብታፈስሱበት ይንሸራተታል እንጂ አይሰርግም፤ ላዩ ቀዝቅዞ ታቹ ይቀጥላል። መጀመሪያ መቆፈር፣ ከዚያ ውኃውን በአካፋ እያማሰሉ ጭቃ እስኪሆን መቀላቀል፣ ከተቻለም እንዲሰርግ የሚያደርግ ፎም መጨመር ነው። ከዚያ ጓንት አውልቆ በእጅ ጀርባ መፈተሽ፤ መጀመሪያ ከላዩ ራቅ አድርጎ ሙቀቱን አስተውሎ፣ ካልፋጀ መንካት። ሞቅ የሚል ካለ አልጠፋም።

ዘር ቆጣሪዋ

ሜዳ ለምትወጡ ሁለት የደህንነት ነገር። የጥቁር ስፕሩስ ሥር በሙሉ ያለው ብስባሹ ውስጥ ስለሆነ ብስባሹ ሲነድድ ዛፉ የሚይዘው መሬት የለውም፤ ነፋስ በሌለበትም ይወድቃል። ነፋስ ሲነሳ ከመስመሩ ውጡ፣ ሄልሜት አይውለቅ። ሁለተኛው የአመድ ጉድጓድ ነው፤ ላዩ ደልዳላ ግራጫ ይመስላል፣ ውስጡ ፍም ነው። ረጅም ዱላ ይዛችሁ ከመርገጣችሁ በፊት ውጉት።

ታይጋ

ብስባሽ ለኪ በየ3 ሜትሩ ያልከው ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መሬቱ ጉብታና ጎድጓዳ ነው። ስፋግነም ሞስ ውኃ ስለሚይዝ ብዙ ጊዜ አይነድድም፤ ከእሳት በኋላ በጠቆረው መሬት ላይ ፈዛዛ ጉብታ ሆኖ እዚህም እዚያም ይቀራል። ተመራማሪዎች «የስፋግነም በጎች» ይሏቸዋል፤ ከሩቅ ያየ ስሙን ይረዳዋል። ላባማው ሞስ ግን በጥቂት ደረቅ ቀን እንደ ገለባ ስለሚሆን ጥልቁ ቃጠሎ እዚያ ነው፣ በተለይ ከዛፉ ሥር፤ አናቱ ዝናቡን ስለሚይዝበት ሁልጊዜ ይደርቃል። ሥር የሚለካው ደግሞ ዛፉ አጠገብ ነው። ስለዚህ የሥር ልኬት ብቻውን ጥልቀቱን ያጋንናል። መስመሩ ላይ የስፋግነሙን ድርሻ በመቶኛ መዝግባችሁ ሁለቱን ለየብቻ አስሉና በድርሻቸው ደምሩ።

ብስባሽ ለኪ

ተቀብያለሁ ጋሼ፤ የሥሩ ዘዴ የሚሠራው ለዛፍ ሥር ያለው ክፍል ነው ብለን እንያዘው።

በዕድሜው ላይም አንድ ልጨምር። በ2014ቱ የኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ እሳት ላይ የተደረገው ጥናት ያሳየው ትልቅ ነገር ቀደም ያሉ እሳቶች ያልነኩት የቆየ ካርቦን ጉዳይ ነው። ከ60 ዓመት በታች በሆኑ ወጣትና ደረቅ ጫካዎች ውስጥ እሳቱ አንዳንድ ቦታ ከዚያ ጫካ ዕድሜ የቀደመ ካርቦን ነክቷል፤ በአሮጌዎቹ ግን ወፍራሙ ንብርብር ጠብቆታል። ይህን ለማወቅ የተረፈውን ብስባሽ ላይኛ ገጽ በስስ ቆርጦ በራዲዮካርቦን ማስነበብ ያስፈልጋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኑክሌር ሙከራ አየሩ ውስጥ የጨመረው ካርቦን-14 ለቅርብ አሥርት ዓመታት ጥሩ ሰዓት ይሆናል። የገጹ ዕድሜ ከዛፉ ዕድሜ ከበለጠ የቆየው ካርቦን ተነክቷል። የዛፉ ዕድሜ ግን በደረት ከፍታ ከተሰረሰረ ናሙና አይወሰድ፤ ስፕሩስ እዚያ ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ሞሱን ገልጣችሁ ከሥሩ አንገት ላይ ክብ ቁረጡ።

ወንዶ ገነት

ይቅርታ ከርዕሱ ትንሽ ብወጣ። የባሌ አስታ ሲቃጠል ይህ የድርቅ ኮድ ይሠራል? በ2000 ባሌና ቦረና ላይ የተነሳውን፣ በ2019 ሰሜን ተራሮች ላይ የተነሳውን እያሰብኩ ነው የምጠይቀው።

ረመጥ

ኢንዴክሱ ለመላው ዓለም በየቀኑ ስለሚሰላ ለባሌም ቁጥሩ ይገኛል። ቁጥሩ የተስተካከለው ግን ለካናዳ ጥድ ጫካ ብስባሽ ነው። አስታ በእሳት ቢቆረጥም ከሥሩ ጉቶ ያቆጠቁጣል፤ ቁጥቋጦው ራሱ በሕይወት እያለ ይነድዳል፣ ስለዚህ ወሳኙ የሕያው ቅጠሉ እርጥበት ነው። ለመጀመር የደቃቅ ተቀጣጣይ ኮዱን ተጠቀም፤ ጎን ለጎን በየሳምንቱ የአስታ ጫፍ ቆርጠህ እርጥቡን መዝነህ፣ አድርቀህ መልሰህ መዝነው። ሁለት ደረቅ ወቅት የሚሆን መረጃ ካለህ የየትኛው ኮድ ስንት ቁጥር ለአካባቢህ አደገኛ እንደሆነ ራስህ ታወጣዋለህ።

ኡሜዮ

የብስባሽ ናሙና ማድረቁን ማንም አልተናገረም። በስንት ዲግሪ?

ብስባሽ ለኪ

ከ60 እስከ 65 ዲግሪ፣ ለ48 ሰዓት ጀምረህ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም። 10 በ10 ሳ.ሜ ብሎክ በጥርስ ባለው የዳቦ ቢላዋ ቁረጥ፤ ሳትጫነው፣ ከተጨመቀ ጥግግቱ ይበላሻል። አረንጓዴውን ሞስ፣ ቡናማውን ገና ያልበሰበሰ ክፍልና ጥቁሩን ብስባሽ ለየብቻ በወረቀት ከረጢት አድርግ፤ በፕላስቲክ ከቆየ ይሻግታል። የእያንዳንዱን ውፍረት በአራቱም ጎን ለክተህ ከረጢቱ ላይ በእርሳስ ጻፍ፤ እስክርቢቶ ሲረጥብ ይጠፋል። ጥቁሩ ክፍል ውስጥ የማዕድን አፈር ስለሚቀላቀል ከደረቀ በኋላ ከፊሉን በ550 ዲግሪ ለ4 ሰዓት አቃጥለህ የቀረውን አመድ መዝን፤ አለዚያ አሸዋውን እንደ ተቃጠለ ብስባሽ ትቆጥረዋለህ።